ስቶክ-ኦን-ትሬንት ሰሜን ናት ወይስ መሃል እንግሊዝ?

ጥያቄው ሰሞኑን ተደጋግሞ ስለተነሳ ባጭሩ ላስረዳ። በመንግሥት አከፋፈል የስቶክ ከተማ ያለችው ዌስት ሚድላንድስ (ምዕራብ መሃል እንግሊዝ ማለት ነው) በሚባለው ክልል ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግራ የሚያጋባው በዚሁ ስም የሚጠራ ካውንቲም (ከክልል ያነሰ አካባቢ) መኖሩ ነው። ካውንቲው በርሚንግሃምን፣ ኮቨንትሪን፣ ዎልቨርሃምፕተንንና አራት ጎረቤቶቻቸውን ብቻ ይይዛል። ስቶክ እዚያ ውስጥ የለችም፤ የስታፎርድሸር ናት።

ለምሳሌ የስቶክ ነዋሪ የዌስት ሚድላንድስን ከንቲባ አይመርጥም። ፖሊስ ቢጠራም የሚመጣለት የስታፎርድሸር ፖሊስ ነው። ቅጽ ስትሞሉ «ክልል» ካለ ዌስት ሚድላንድስ፣ «ካውንቲ» ካለ ስታፎርድሸር ብላችሁ ጻፉ።

ሰዉ ራሱን ምን ብሎ ይጠራል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሕግ አይወስነውም። ከተማዋ ከበርሚንግሃም ይልቅ ለማንችስተር ስለምትቀርብ «እኛ ሰሜን ነን» የሚል አለ። «የለም፣ ሚድላንድስ ነን» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱንም ትቶ «የፖተሪስ ልጅ ነኝ» የሚልም አለ፤ አካባቢው በሸክላና በሴራሚክ ሥራ ስለታወቀ የወጣለት ስም ነው። ለእኔ የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው። ደግሞ ስቶክ እ.ኤ.አ. በ1910 ስድስት ከተሞች ተዋህደው የተፈጠረች ናት። ከስድስቱ አንዷ በሆነችው በርስለም ያደገውን ሰው የሌላኛዋ የሃንሊ ልጅ ብትሉት ቅር ሊለው ይችላል።