«ሀበሻን ሩጫ አያደክመውም» እና ሌሎች የጁላይ ተረቶች

ጁን ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ወሬ ሁሌ አንድ ነው። «ወጌሻው፣ አታካብድ እንጂ! የሀበሻ ልጆች ናቸው፤ ሩጫ ተፈጥሯቸው ነው።»

እኔ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ የአንድ ከተማ ቡድን ወጌሻ ነኝ። ውድድሩ በፈረንጆቹ 1984 ነው የተጀመረው። በጁላይ 4 ሳምንት ከአሜሪካና ከካናዳ ከተሞች የመጡ ቡድኖች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ጨዋታው በአንድ ሳምንት ተጀምሮ ያልቃል። ዛሬ ተጫውተህ ነገ ልትደግም ትችላለህ።

እስቲ ይቺን የሩጫ ነገር እንጨርሳት። አዎ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ የኖረ ሰው ደሙ ብዙ ኦክስጅን ይሸከማል። ግን ቆላ ወርዶ ሳምንታት ከቆየ ያ ትርፍ ይጠፋል። የእኛ አጥቂ ሲያትል ከገባ 14 ዓመቱ ነው። ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ልምምድ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱም ከተመቸው። የቱን ደጋ ነው የምታወሩት?

ደግሞ ጠላታችን ርቀቱ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። ዳላስ በጁላይ ከሰዓት 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። አትላንታ ላይ ወበቁ ይጨመርበታል። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው፤ በወበቅ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ሙቀት ለመልመድ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። የእኛ ልጆች ቅዳሜ ማታ ደርሰው እሁድ ሜዳ ይገባሉ።

አንድ ዓመት አማካያችን በሁለተኛው አጋማሽ ለተቃራኒ ቡድን ኳስ ማቀበል ጀመረ። ተመልካቹ ሳቀ። «ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ ነው» ተባለ። ሮጬ ስጠጋው የት ከተማ እንዳለን አላወቀም። ማሊያውን አውልቀን፣ የመጠጥ ማቀዝቀዣውን በረዶና ውሃ ላዩ ላይ ገልብጠን አምቡላንስ ጠራን። ተርፏል። ከዚያ ወዲህ በሙቀት የሚወላገድ ልጅ ሳይ አልስቅም፤ እናንተም አትሳቁ።

«ጥሬ ሥጋ ጉልበት ይሰጣል።» ለነገ ጨዋታ አይደርስም። እንጀራ በሽሮ ወይም ፓስታ ብሉ። ቁርጡ ከፍጻሜው በኋላ ይምጣ።

«ውሃ ጠጣ፣ በቃ።» ላብ ጨውም ይዞ ነው የሚወጣው። በባዶ ውሃ ሆድ መንፋት ራሱ አደጋ አለው።

«ጡንቻው ተሳበ፣ እሸው!» ይሄን የሚጮኹት ከአጥር ውጭ ያሉት ናቸው። ትኩስ ጉዳት ሲታሽ ውስጡ የሚፈሰው ደም ይብሳል። በረዶ ያዝለት፣ እሰረው፣ እግሩን ከፍ አድርግለት።

«ለሽርሽር ነው የሚሄዱት።» የዓመት ፈቃዳቸውን ጨርሰው፣ ቲኬት ከኪሳቸው ቆርጠው፣ አንድ ክፍል ለአራት ተኝተው? ታች ሎቢው እስኪነጋ ይጨፈራል፣ እውነት ነው። ግን ጨፋሪው ሌላ፣ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድረው ተጫዋች ሌላ።

የቡድን መሪዎች፣ ገንዘብ ካላችሁ ለማሊያ አታውጡት። አቅም ካላችሁ አራት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ካልቻላችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ልምምድ ቀን፣ ፀሐይ ላይ አድርጉት፤ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ሆቴሉን ከጭፈራው ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ለጌጥ አይቀመጥም፣ ቀይሩ።

ይሄን ሁሉ ባለፈው ስብሰባ ተናግሬያለሁ። መሪያችን «ልክ ነህ ወንድሜ» አለኝ። የዘንድሮው ቲኬት ትናንት ደረሰኝ፤ ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ነው የምናርፈው።