የኤሌክትሪክ ጊታር አሠራርና የተጫዋቾች ምርጫ ለውጥ

ኤሌክትሪክ ጊታር የብረት ክሮቹን ንዝረት ፒክአፕ በሚባል የማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ተቀብሎ በአምፕሊፋየር (በድምፅ ማጉያ) የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ተሰቅለው የምናያቸው አብዛኞቹ ቅርጾች የተነደፉት በ1950ዎቹ ነው። ቅርጹ ጸንቶ ቢቆይም ተጫዋቾች በአንገቱ ውፍረት፣ በክሩ፣ በፒክአፑ፣ በእንጨቱና በቀለሙ ላይ ያላቸው ምርጫ ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። አንዱ ትውልድ ጉድለት ብሎ የተወውን ሌላው ፈልጎ፣ ያውም በውድ ዋጋ ይገዛዋል። ለውጡን ያመጣው ጆሮ ብቻ አይደለም፤ የአምፕሊፋየር ኃይል፣ ያገለገሉ ጊታሮች ዋጋ፣ የፋብሪካዎች እጅ መለወጥና የእንጨት ንግድ ሕግ ጭምር ድርሻ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1950 በፊት

ጆርጅ ቢቻም በ1931 የነደፈውና ሪከንባከር የተባለው ኩባንያ በ1932 ለገበያ ያቀረበው ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ጊታር በመልኩ ምክንያት «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። ጭን ላይ አጋድመው በብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ዓይነት ነው። ጊብሰን የተባለው የጊታር ኩባንያ በ1936 ኢኤስ-150 የተባለውን ሆዱ ክፍት የሆነ ጊታር አወጣ፤ በ1939 የቤኒ ጉድማንን ቡድን የተቀላቀለው ቻርሊ ክርስቲያን በዚህ መሣሪያ የጊታርን ሶሎ ከሳክስፎንና ከትራምፔት እኩል አስደመጠ። ችግሩ ሆዱ ነበር። ድምፁ ከፍ ሲል ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ሞገድ ሆዱን መልሶ ያንቀጠቅጠውና ጊታሩ ይጮኻል። ተጫዋቾች ወጥ ገላ ያለው፣ ማለትም ውስጡ ክፍት ያልሆነ ጊታር እንዲመኙ ያደረጋቸው ይህ ጩኸት ነው።

ወጥ ገላ ጊታርን ማን ቀድሞ ሠራ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሙዚቀኛው ሌስ ፖል በ1940 አካባቢ ከወፍራም እንጨት «ግንድ» ያለውን ጊታር ሠርቷል፤ ፖል ቢግስቢም በ1948 ለመርል ትራቪስ አንድ ሠርቶ ሰጥቷል። ነገሩን ከአንድ ሰው የሥራ ቤት አውጥቶ ለሁሉም ያዳረሰው ግን የካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር መሆኑ አያጠራጥርም።

ሊዮ ፌንደርና ሁለቱ ጊታሮቹ

ፌንደር በፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት አያውቅም። ይህም ሳይጠቅመው አልቀረም፤ የራሱ የእጅ ልማድ ስላልነበረው የሠራውን ሁሉ በየምሽቱ መድረክ ላይ ለሚውሉ ሙዚቀኞች እየሰጠ ያስፈትን፣ የሚሉትንም ይሰማ ነበር። በ1950 ባወጣው ጊታር ላይ አንገቱን በሙጫ ከማጣበቅ ይልቅ በአራት ብሎን አሰረው። አንገቱ ቢጎዳ በደቂቃዎች ተፈትቶ ይቀየራል። የጊታር ሠሪነትን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ለሚያዩ የጊዜው ባለሙያዎች ይህ የእንጨት ሥራ እንጂ የመሣሪያ ሥራ አይመስልም ነበር፤ ዛሬ ግን በመላው ዓለም ከሚመረቱት ኤሌክትሪክ ጊታሮች እጅግ ብዙዎቹ አንገታቸው በብሎን የታሰረ ነው። ጊታሩ መጀመሪያ ብሮድካስተር ተብሎ ነበር፤ ግሬሽ የተባለው ኩባንያ ተመሳሳይ ስም ለከበሮዎቹ አስመዝግቦ ስለነበር በ1951 ቴሌካስተር ተባለ።

በ1954 ስትራቶካስተር ተከተለ። የቴሌካስተር ጠርዝ ጎን ይወጋል የሚል ቅሬታ ከሙዚቀኞቹ ከሬክስ ጋሊየንና ከቢል ካርሰን እንደመጣ ይነገራል፤ በአዲሱ ጊታር ላይ የጎድን አጥንት የሚያርፍበትና ክንድ የሚደገፍበት ቦታ ተላጠ። ሁለት ቀንድ፣ ሦስት ፒክአፕ፣ ክሮቹን የሚያላላና የሚያጠብቅ ዘንግም ተጨመረለት። ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶም የአካሉ ቅርጽ ከሞላ ጎደል ሳይነካ መመረቱ የነዳፊዎቹን ብልህነት ይመሰክራል።

ተጫዋቾች መሣሪያውን ሠሪው ባላሰበው መንገድ እንደሚቀይሩት ስትራቶካስተር ጥሩ ማሳያ ነው። የፒክአፕ መምረጫው ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው፤ አንድ ጊዜ አንድ ፒክአፕ ብቻ እንዲሠራ ታስቦ ነው። ተጫዋቾች ግን መምረጫውን በሁለት ቦታዎች መካከል አጣብቀው ሲያቆሙት ሁለት ፒክአፖች አብረው እንደሚሠሩ፣ ጠራና ሳሳ ያለ ልዩ ድምፅም እንደሚወጣ ደረሱበት። ፋብሪካው ይህን ተቀብሎ ባለ አምስት ቦታ መምረጫ የገጠመው በ1977 ነው። ጊታሪስቱ ማርክ ኖፕፍለር በዓለም ዙሪያ የታወቀው በዚህ የመሃል ድምፅ ነው። የዘንጉ ታሪክ በተቃራኒው ነው፤ ዘንጉ ዋና መሸጫው ሆኖ ሳለ እንደ ኤሪክ ክላፕተን ያሉ ተጫዋቾች ከኋላ እንጨት ሸጉጠው እንዳይንቀሳቀስ አድርገውታል።

ክርና የጣት ሰሌዳ

በ1950ዎቹ ፋብሪካዎች የሚገጥሙት ክር ወፍራም ነበር፤ ሦስተኛው ክር ሳይቀር በላዩ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው። ክር ገፍቶ ድምፅ ማስለቀስ የፈለጉ ተጫዋቾች የባንጆ ክር ገዝተው ቀጭኑን ከላይ እያሰሩ ሌሎቹን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጉ ነበር። በካሊፎርኒያ የጊታር ሱቅ የነበረው ኤርኒ ቦል ይህን አይቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ስሊንኪ» የሚል ስም የሰጠውን ቀጭን የክር ስብስብ መሸጥ ጀመረ። ቀጭኑ ክር 0.010፣ ወፍራሙ 0.046 ኢንች የሆነው ስብስብ ዛሬም በብዙ አገር መደበኛ ክር ሆኖ ይቆጠራል። በአዲስ አበባ ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንዶች እንደተጫወተው ዓይነት የሊድ አጨዋወት፣ ትዝታንና አምባሰልን በጊታር ለሚያለቅስ እጅ፣ ቀጭን ክር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቅኝቱ የሚፈልገው መንሸራተትና መገፋት በወፍራም ክር ጣት ያደክማል።

ክሩ ሲቀጥን የጣት ሰሌዳው ችግር ጎልቶ ወጣ። የቀድሞው ፌንደር ሰሌዳ ጎበጥ ያለ፣ ራዲየሱ 7.25 ኢንች የሆነ ነው። ኮርድ ለመያዝ እጅ ላይ ይመቻል፤ ክር ወደ ላይ ሲገፋ ግን ከፍተኛውን ፍሬት (ሰሌዳው ላይ በአግድም የተተከለ ቀጭን ብረት) ይነካና ድምፁ ይሞታል። በዚህ ምክንያት ምርጫው ቀስ በቀስ ወደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሄደ። በ1987 የፌንደር አሜሪካን ስታንዳርድ ሞዴል ሰሌዳው 9.5 ኢንች፣ ፍሬቱም ከ21 ወደ 22 ከፍ ብሏል። ጊብሰን ከጥንቱም 12 ኢንች ነበር። የሚንቀጠቀጠው የክር ክፍል ርዝመትም ይለያያል፤ ፌንደር 25.5፣ ጊብሰን 24.75 ኢንች ገደማ ነው። አጭሩ ለጣት ይለሰልሳል፤ ረጅሙ የጠራ ምት ይሰጣል። ፖል ሪድ ስሚዝ በ1985 ኩባንያውን ሲመሠርት 25 ኢንችን የመረጠው በሁለቱ መካከል ለመቆም ነው።

ሌስ ፖል፦ ተጥሎ የተነሣው ጊታር

ጊብሰን በሙዚቀኛው ሌስ ፖል ስም የተሰየመውን ጊታር ያወጣው በ1952 ነው፤ ገላው ማሆጋኒ ከተባለ እንጨት፣ ከላይ ሜፕል ከተባለ እንጨት፣ አንገቱ በሙጫ። በ1957 ሴት ላቨር የፈለሰፈው ሃምበከር ፒክአፕ ተገጠመለት። ሁለት የሽቦ ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ በማገናኘት ከመብራትና ከትራንስፎርመር የሚመጣውን እምምታ የሚያጠፋ፣ ድምፁም ሞላ ያለ ፒክአፕ ነው። ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት በፀሐይ መግቢያ ዓይነት ቀለም የተቀቡት ሌስ ፖሎች ከ2,000 በታች ናቸው። ገበያ ስላላገኙ ጊብሰን ቅርጹን ትቶ በ1961 ኋላ ኤስጂ ወደተባለው ቀጭን ባለ ሁለት ቀንድ ጊታር ዞረ። ሙዚቀኛው ሌስ ፖል ራሱ አዲሱን ቅርጽ አልወደደውም።

ለጊታሩ ትንሣኤ የሆነው አምፕሊፋየር ነው። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከብሉዝ ሙዚቀኛው ጆን ማዮል ጋር ሲቀረጽ ያገለገለ ሌስ ፖል ከማርሻል አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው። ከመጠን በላይ የተጫነው አምፕሊፋየር ድምፁን ወፍራምና ረጅም አደረገው፤ በ1957 ለንጽሕና የተሠራው ፒክአፕ ለሻካራ ድምፅ ዋና መሣሪያ ሆነ። ማይክ ብሉምፊልድና ፒተር ግሪንም በዚያው ዓይነት ጊታር ተጫወቱ። ያገለገለው ሌስ ፖል ዋጋው ናረ፤ ጊብሰንም በ1968 እንደገና ማምረት ጀመረ። በጊዜው ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው የ1959 ጊታር ዛሬ በመቶ ሺዎች ዶላር ይገዛል። በ1958 የወጡት የጊብሰን ጊታሮች ፍላይንግ ቪና ኤክስፕሎረርም በመጀመሪያው ዙር ከመቶ አካባቢ የዘለለ አልተሸጡም፤ በ1980ዎቹ የሄቪ ሜታል መድረክ ያለ እነርሱ የሚታሰብ አልነበረም።

የሲቢኤስ ዘመን

በጥር 1965 የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ድርጅቱ ሲቢኤስ ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ በኋላ ጥራቱ ወርዷል የሚለው በተጫዋቾች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት ነው። ወዲያው ወረደ ማለት ግን ማጋነን ይመስላል፤ ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ እጅ ስትራቶካስተር ገልብጦ ዓለምን ያስደነቀባቸው አብዛኞቹ ጊታሮች በሲቢኤስ ዘመን የተሠሩ ነበሩ። የጊታሩ ራስ ሰፋ፤ በ1971 የአንገቱ ብሎን ከአራት ወደ ሦስት ወረደ፤ ቀለሙም ከቀጭኑ ናይትሮሴሉሎስ ወደ ወፍራም ፖሊስተር ተለወጠ። ብዙዎቹ የ1970ዎቹ ጊታሮች ከባድ ናቸው፤ በጊዜው ክብደት ድምፅን ያረዝማል ተብሎ ይወደድ ነበር። ዛሬ ገዢ ጊታር ሚዛን ላይ አውጥቶ ቀላሉን ይመርጣል።

ሙዚቀኞች በፋብሪካው ማማረራቸው ሁለት ገበያ ፈጠረ። አንዱ የአሮጌ ጊታር ገበያ ነው፤ «ከሲቢኤስ በፊት» የሚለው ቃል ራሱ የዋጋ መለኪያ ሆነ። ሌላው የመለዋወጫ ገበያ ነው። ላሪ ዲማርዚዮና ሲሞር ዳንከን በ1970ዎቹ ለብቻው የሚሸጥ ፒክአፕ መሥራት ጀመሩ፤ አንገትና ገላ ለየብቻ የሚሸጡ ድርጅቶችም መጡ። ይህ ሁሉ የተቻለው ሊዮ ፌንደር በብሎን የሚፈታ ጊታር ስለሠራ ነው። በ1985 በቢል ሹልዝ የሚመሩ የራሱ የኩባንያው ሰዎች ፌንደርን ከሲቢኤስ በ12.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው መልሰው አቆሙት፤ በመሣሪያ ታሪክ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

1980ዎቹ

ኤዲ ቫን ሄለን በስትራቶካስተር ቅርጽ ገላ ላይ የጊብሰን ሃምበከር ፒክአፕ ገጥሞ በ1978 የመጀመሪያውን አልበም ይዞ ሲመጣ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ጊታር ተዋሐዱ። ፍሎይድ ሮዝ ክሮቹን በሁለቱም ጫፍ በብሎን የሚቆልፍ ዘንግ ፈለሰፈ፤ ክር ሙሉ በሙሉ ረግቦ ሲመለስም ቅኝቱ አይወርድም። ጃክሰን፣ ክሬመርና የጃፓኑ አይባኔዝ የተባሉት ፋብሪካዎች ቀጭን አንገት፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳና 24 ፍሬት ያላቸው የፍጥነት ጊታሮችን አበዙ። አይባኔዝ ለጊታሪስቱ ስቲቭ ቫይ በ1987 ጄም የተባለውን፣ በ1990 ደግሞ ባለ ሰባት ክሩን ዩኒቨርስ አወጣ። ሰባተኛ ክር አዲስ አልነበረም፤ ጆርጅ ቫን ኤፕስ በ1930ዎቹ ለጃዝ ተጠቅሞበታል። በ1994 ኮርን የተባለው ቡድን ወፍራም ዝቅተኛ ድምፅ ሲያወጣበት ግን ጨርሶ ሌላ ነገር ሆነ፤ ኋላም ሜሹጋ የተባለው ቡድን ስምንተኛ ክር ጨመረበት።

ከ1990ዎቹ ወዲህ

ከፈጣኖቹ ጊታሮች ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ርካሽ የሆነውን አነሣ። ፌንደር በ1958 እና በ1962 ያወጣቸው ጃዝማስተርና ጃጓር ተፈላጊነት አጥተው፣ ጃጓር በ1975፣ ጃዝማስተር በ1980 ምርታቸው ቆሞ ነበር። ሶኒክ ዩዝ እና ኒርቫና የተባሉት የሮክ ቡድኖች ባገለገለ ዕቃ መሸጫ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኙትን እነዚህን ጊታሮች መድረክ ላይ አወጧቸው፤ አሁን ፌንደር ሁለቱንም በብዙ ዓይነት ይሠራል። በ1995 የፌንደር ልዩ የሥራ ቤት ሆን ተብሎ ቀለሙ የተላላጠ፣ ብረቱ የዛገ አዲስ ጊታር መሸጥ ጀመረ። የሚሰነጠቀውና የሚቢጫው ናይትሮሴሉሎስ ቀለም፣ ፋብሪካው በጉድለቱ የተወው፣ በውድ ዋጋ የሚታዘዝ ሆነ።

የድሮው ዓይነት ፒክአፕም ተመለሰ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ተጫዋቾች ብዙ ሽቦ የተጠመጠመበት ኃይለኛ ፒክአፕ የፈለጉት አምፕሊፋየሩን ለመግፋት ነበር። አምፕሊፋየሮች ራሳቸው በዝቅተኛ ድምፅም መሻከር ሲችሉ፣ የአምፕሊፋየርን ድምፅ ከሚያስመስለው ከ1998ቱ የላይን 6 ፖድ ጀምሮም ዲጂታል መሣሪያዎች ሲስፋፉ፣ ጫናው ከፒክአፑ ላይ ወረደ፤ ብዙዎች የ1950ዎቹን ልከኛ ፒክአፕ መረጡ። ጊታር መነካካትን የሚቃወሙ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ይሁንና የፒንክ ፍሎይድ ቡድን ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር አንገቱንና ፒክአፑን ደጋግሞ የቀያየረበት ጥቁር ስትራቶካስተር በ2019 በጨረታ 3.975 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

እንጨትና ሕግ

እንጨቱ በኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም የሚለው ክርክር ማለቂያ ያለው አይመስልም። ፒክአፕ የሚሰማው የክርን ንዝረት እንጂ እንጨቱን አይደለም የሚሉ አሉ፤ ክሩ የሚንቀጠቀጠው በእንጨቱ ላይ ተወጥሮ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም አባባል እውነትነት አለው። የጣት ሰሌዳ እንጨት ግን ከድምፅ በፊት በመልክና በንክኪ ይመረጣል። ፌንደር በ1958 ከጃዝማስተር ጀምሮ ሮዝውድ የተባለውን ጠቆር ያለ እንጨት የለጠፈው የሜፕሉ ቀለም በጣት ላብ ተበልቶ ስለሚያድፍ ነው ይባላል፤ ዛሬ ያንኑ ያደፈ ሜፕል አስመስሎ ማሠራት የተለመደ ነው።

በጥር 2017 ዓለም አቀፉ የዱር ሀብት ንግድ ስምምነት የሮዝውድን ዝርያ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ሲያደርግ ምርጫው ከተጫዋቾች እጅ ወጣ። ጊታር ወደ ሌላ አገር ለመላክ ፈቃድ አስፈለገ። ፌንደር በ2018 ባወጣቸው የፕሌየር ጊታሮች ላይ ፓው ፌሮ የተባለውን የደቡብ አሜሪካ እንጨት ተጠቀመ፤ ሌሎች በእሳት የተጠበሰ ሜፕል አመጡ። መጀመሪያ ላይ ፓው ፌሮ ነጣ ይላል ብለው ያኮረፉ ብዙዎች ነበሩ። በኅዳር 2019 የተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከቁጥጥሩ ነፃ ሆኑ፤ ፌንደርም በ2024 በፕሌየር 2 ጊታሮች ሮዝውድን መለሰ። ጠቆር ያለው፣ እርጥበት ብዙም የማይነካው የተጠበሰ ሜፕል ግን በዚያው ቀረ፤ ከማይዝግ ብረት ፍሬት ጋር ተጣምሮ በብዙ አዳዲስ ጊታሮች ላይ ይገኛል።