«በተቀደደለት ቦይ ይፈሳል»፦ ወቀሳው ለማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ወጣቶችን ሊያመሰግን ፈልጎ «ልጆቻችን በቀደድንላቸው ቦይ እየፈሰሱ ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ። ሰውን «በተቀደደለት ቦይ ይፈሳል» ማለት እኮ ምስጋና ሆኖ አያውቅም። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ሐሳቡ ያልጣመንን ሰው ሁሉ «የቦይ ውሃ» እያልን እንዘልፋለን። ይሄኛው ወደ ትርጉሙ ጠጋ ይላል፣ ግን ወቀሳው ያለ ቦታው ነው የሚያርፈው። ውሃውን እንሰድባለን፣ ዶማ የያዘውን ሰው ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

አባባሉ እንዲገባችሁ ሰሜን ሸዋን ከላይ እስከ ታች ማየት ነው። ጣርማበር ላይ ቆማችሁ ብታዩ ውሃው ሁለት መንገድ አለው። በደብረ ብርሃን በኩል ያለው በበሬሳ አድርጎ ጀማ ይገባና ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደብረ ሲና በኩል ያሉት እነ ሮቢ፣ እነ ጀውሃ፣ እነ አጣዬ ገደሉን ወርደው ወደ አዋሽ ያቀናሉ። ደጋው ውሃ ይበዛበታል፣ ቆላው ውሃ ይጠማል። ስለዚህ ደጋው ውሃ ለማስወጣት ይቆፍራል፣ ቆላው ውሃ ለማስገባት።

ደጋው ላይ፣ እነዋሪ ክረምት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? መረሬው፣ ያ ጥቁር አፈር፣ ውሃ ይቋጥርና ስንዴው ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። እና የእነዋሪ ገበሬ ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። ሴቱ፣ ልጁ፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ እያፈሰ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራል፣ በመደቦቹ መካከል ውሃው ሾልኮ የሚወጣበት ፈሰስ ይቀራል። በእጅ ነው የምላችሁ! ማሳው ሙሉ፣ መደብ በመደብ። የወገብ ሥራ ነው፣ ግን ያ ፈሰስ ከሌለ ምርት የለም።

እኔ ያደግኩት ግን በቆላው በኩል፣ በቦዩ ነው። ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደሴ መንገድ ላይ ነው። አጎቴ እዚያ አካባቢ ሽንኩርት ነበረው። በጋ ላይ ውሃ በተራ ነው፣ ተራውንም የውሃ አባት ይደለድላል፣ እና የሌሊት ተራ ከደረሰ ልጅም ቢሆን ይነሳል። የኔ ሥራ መደቡ አፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነበር። ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁ አይሰማም። ደረቁ ቦይ ላይ ገለባና የደረቀ ቅጠል እየገፋ፣ ፊቱ አረፋና አቧራ ተቀላቅሎ እየተንፏቀቀ ይደርሳል፣ ከፊቱ ጉንዳኑ ይሸሻል። ስንጥቅ ሲያገኝ ይቆማል፣ ስንጥቁን ይሞላል፣ እንደገና ይሄዳል። እግሬን ሲነካኝ «ደረሰ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ አጎቴ መደቡን በዶማ ይከፍታል፣ ሲጠግብ በሣርና በጭቃ ይዘጋና ወደሚቀጥለው።

ቦይ ማውጣት ራሱ እንዲሁ የሚሠራ አይደለም። ሽማግሌዎቹ መለኪያ መሣሪያ የላቸውም፣ መለኪያቸው ውሃው ነው። ትንሽ ይቆፍራሉ፣ ውሃ ይለቁበታል፣ ተኛ ካለ ጥልቀት ይጨምራሉ፣ ከፈጠነና ጠርዙን ከበላ ወደ ዳገቱ ጠጋ ያደርጉታል። ስለዚህ «ውሃ ወደ ቀደዱለት ይሄዳል» የሚለው ለኔ ግማሽ እውነት ነው። ተዳፋቱን የማያውቅ ሰው የቀደደው ቦይ ውስጥ ውሃ አይሄድም። ወይ ይተኛል፣ ወይ ሰብሮ ይወጣል።

ታዲያ አባባሉ ከየት መጣ? የኔ ግምት ከውሃ ሌባ ነው። ሌሊት፣ ባለተራው ሸለብ ሲያደርገው፣ አንዱ መጥቶ የቦዩን ጠርዝ ይቀድዳል። ሁለት ሦስት ዶማ ይበቃዋል። ጠዋት የባለተራው ሽንኩርት ደረቅ ነው፣ የጎረቤት ማሳ ረጥቧል። «ውሃው የት ሄደ?» ሲባል ያየ ሰው ስም አይጠራም፣ በውሃ ምክንያት ደም የተቃቡ ሰዎች ስላሉ ይፈራል። «ምን ያድርግ፣ በተቀደደለት ፈሰሰ» ይላል። ልብ በሉ፣ ማን እንደቀደደው አልተናገረም፣ ግን መቀደዱን ተናግሯል። የቀረውን የውሃ አባቱ ይጨርሰዋል፣ ቀዳጁንም ተራ ያስዘልለዋል። ማስረጃህ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ አጎቴ አባባሉን ሲጠቀምበት የሰማሁት ሁሌም እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ነው። ሰው ተታሎ ከልጁ ሲጣላ፣ በወሬ ሁለት ቤት ሲቃቃር። ሲናገርም ዓይኑ የሚፈልገው የተታለለውን አልነበረም፣ ያታለለውን ነው።

ከዚህ የተነሳ ነው ስብሰባው ላይ የከፋኝ። ሰውየው ሳያውቀው «ቀዳጆቹ እኛ ነን» ብሎ በአደባባይ መመስከሩ ነው። ወጣቱን ማመስገን ከፈለገ «አላሳፈሩንም» ቢል ይበቃው ነበር። ከተማ ያደገው ልጅ ቦይ ሲባል መንገድ ዳር ያለው፣ ፌስታል የሞላበት ዲች ቢመጣበት አልፈርድበትም፣ አላየማ። ጋዜጠኞቻችን ግን ይብሱብኛል። «ሕዝቡ በተቀደደለት ቦይ እየፈሰሰ ነው» ብለው ዜናውን ይዘጋሉ፣ ቀጣዩ ዜና ስፖርት። ማን ቀደደው? በየት በኩል ቀደደው? ውሃው የማን ማሳ ገባ? ሥራችሁ እኮ እሱን መጠየቅ ነው።