ጥንዚዛዋ ታየች ማለት መድኃኒት ይረጭ ማለት ነው?

አይደለም። የእህል ቅጠል ጥንዚዛ ከአውሮፓ ተሻግራ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ መኖሯ ታወቀ። ስንዴ፣ ገብስና አጃ ትበላለች።

ብዙዎችን የሚያምታታው «የርምጃ መነሻ» የሚባለው ቁጥር ነው። ተባዩ የታየበት ቀን ማለት አይደለም። ጥፋቱ ከመርጫው ወጪ ሊበልጥ የተቃረበበት ነጥብ ነው። ስንዴው ለጋ ሳለ በአንድ ተክል ላይ 3 እንቁላል ወይም እጭ ነው። የመጨረሻው የላይኛው ቅጠል ከወጣ በኋላ ግን በዚያ ቅጠል ላይ 1 እጭ ይበቃል፤ ፍሬውን በዋናነት የሚመግበው እሱ ነዋ! (ለቆጠራ ስትገቡ አሮጌ ሱሪ ልበሱ። እጯ ኩሷን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ነው የምትዞረው።)

ቴትራስቲከስ ጁሊስ የምትባል ደቃቅ ተርብም አለች። እንቁላሏን በጥንዚዛዋ እጭ ውስጥ ትጥላለች፤ የተርቧ ልጆች እጯን ከውስጥ በልተው ይጨርሷታል። ሳይቆጥሩ ከረጩ ግን ተርቧም አብራ ትሞታለች።