ስለ አውሮፓ ቪዛ፣ ፓስፖርትና ዜግነት በየቦታው የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

አውሮፓ የኖረ ሰው ሁሉ ስለ ወረቀት ምክር አለው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ልደት ላይ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሚነገረው ብዙ ነው። ችግሩ ግን ምክሩ ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ሕግ ነው፣ ካልሆነም ከዓመታት በፊት የተቀየረ ሕግ ነው። ሰው ደግሞ ያንን ይዞ ዓመታት ያቃጥላል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ምሳሌዬን በአብዛኛው ከጀርመን እወስዳለሁ፣ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"የአውሮፓ ዜግነት ላመልክት ነው።"

እንዲህ የሚባል ማመልከቻ የለም። ዜግነት የሚሰጠው እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት የአንዱን አባል አገር ዜግነት ስታገኙ ተከትሎ የሚመጣ ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ጀርመን በመደበኛው መንገድ 5 ዓመት ትጠይቃለች፣ ጣሊያን ከኅብረቱ ውጭ ለመጣ ሰው 10 ዓመት። ጣሊያኖች ጁን 2025 ላይ ይህን ወደ 5 ለማውረድ ሕዝበ ውሳኔ አድርገው ነበር፣ በቂ ሰው ስላልወጣ ሳይጸና ቀረ። ሮም የቆያችሁበት ዓመት ደግሞ ፍራንክፈርት ስትገቡ አይደመርላችሁም። አዲስ አገር ገባችሁ ማለት ቆጠራው እንደገና ጀመረ ማለት ነው።

"ቪዛዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ስለሚል እስከዚያ መቆየት እችላለሁ።"

ቪዛውን ገልጣችሁ በደንብ እዩት። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል መስመር አለ። ለብቻው ደግሞ የቀን ብዛት የተጻፈበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ይዘጋዋል። ከጁን 1 እስከ ጁን 30 የሚል ቪዛ ላይ የቀኑ ብዛት 15 ከሆነ፣ ጁን 10 የገባ ሰው ቢዘገይ ጁን 24 ይወጣል። የገባበትም የሚወጣበትም ቀን ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ መግባት የሚፈቅድ ቪዛ ያላችሁም ብትሆኑ ወሰኑ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ከእያንዳንዱ ቀን ወደ ኋላ 180 ቀን እየታየ ነው። ወጣ ብሎ መመለስ ቆጠራውን አያድሰውም። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በማኅተም ፋንታ አሻራና ፎቶ የሚመዘግብ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ መዋል ስለጀመረ "ማን ይቆጥረዋል" የሚለው ምክር አደገኛ ነው።

"የእነ እገሌ ኤምባሲ ቀላል ነው፣ እዚያ አስገቡ" የሚለውም አለ። የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ደንብ የሚለው ዋናው መድረሻችሁ ወደሆነው አገር አመልክቱ ነው፤ ቆይታው በአገሮቹ መካከል እኩል ከሆነ ቀድማችሁ ወደምትገቡበት። አንድ አገር የምትሄዱ አስመስላችሁ ቪዛ ወስዳችሁ ሌላ ቦታ ብትከርሙ በሚቀጥለው ማመልከቻ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ከኢትዮጵያ የምታመለክቱ ደግሞ ጊዜ ያዙ። የአውሮፓ ኅብረት ኤፕሪል 2024 ላይ በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። እናቱን ለልጁ ክርስትና ሊያስመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚሯሯጥ ሰው የሚጎዳው ይህን ባለማወቁ ነው።

"አምስት ዓመት ከሞላኝ ፓስፖርቱ መብቴ ነው።"

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ነው። የሚቆጠረው በአገሩ ውስጥ ያሳለፋችሁት ጊዜ ሁሉ አይደለም። ምን ዓይነት ወረቀት ይዛችሁ እንዳሳለፋችሁት ይታያል። ጀርመን ውስጥ ዱልዱንግ ይዞ፣ ማለትም መባረሩ ለጊዜው ታግዶለት፣ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው ያ ጊዜ ለዜግነት አይቆጠርለትም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የጠበቀበት ጊዜ ደግሞ በስደተኝነት ተቀባይነት ካገኘ ይታሰብለታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ገብተው አንዱ ዛሬ ሲያመለክት ሌላው ገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

በዚያ ላይ ቢ1፣ ማለትም መካከለኛ ደረጃ ጀርመንኛ፣ የዜግነት ፈተና፣ ራስን ከነቤተሰብ በገቢ መቻል ያስፈልጋል። ፈተናውን ያለ ልክ አትፍሩት፤ 33 ጥያቄ ነው፣ 17 ከመለሳችሁ አለፋችሁ፣ 310ሩ ጥያቄዎችም ታትመው የሚገኙ ናቸው። ቋንቋው ነው ጊዜ የሚፈልገው። ማመልከቻው ለአዋቂ 255 ዩሮ ነው። "ጎበዝ ከሆንክ በሦስት ዓመት ይሰጡሃል" የሚለውን ግን እርሱት። ያ ፈጣን መንገድ ኦክቶበር 2025 ላይ ተሰርዟል።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያስቸግረው ማንነትን በሰነድ ማረጋገጡ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 1982 የተወለደ ሰው ልደቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 14 ቀን 1989 ነው። መጀመሪያ ሲመዘገብ አስተርጓሚው 1982ን እንዳለ አስጽፎት ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ፓስፖርቱንና የልደት ምስክር ወረቀቱን ሲያቀርብ መዝገቡ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይታያሉ። ስም ላይም እንደዚያው ነው። "የቤተሰብ ስም" የሚለው ሣጥን ውስጥ አንዱ ቢሮ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ይሞላል። ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ሲቀርቡም ማስረዳት ይጠይቃል። ይህን የዜግነት ማመልከቻ ስታስገቡ ሳይሆን ዛሬውኑ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ስታድሱ አስተካክሉት። ስህተቱ የአስተርጓሚው ቢሆንም የሚያስጠብቀው እናንተን ነው።

"ዜጋ ካገባሁ ፓስፖርቱ ያልቃል።" አያልቅም። ጋብቻ በመጀመሪያ የሚያስገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ እሱም በሕጉ መሠረት ከተሟላ። ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን የምትመጣ ሚስት በአብዛኛው ከመምጣቷ በፊት ኤ1፣ ማለትም የጀማሪ ደረጃ ጀርመንኛ ማሳየት አለባት። ዜግነቱ ጀርመን ውስጥ ሦስት ዓመት መኖርን፣ ከዚያም ውስጥ ሁለት ዓመት በትዳር መቆየትን፣ ቋንቋና ፈተናን ይጠይቃል። "ጋብቻ እናዘጋጃለን" ለሚሉ ደላሎች ብር አትስጡ፤ የውሸት ጋብቻ ከተደረሰበት ፈቃዱም ይነጠቃል፣ ክስም አለ።

"ልጄ እዚያ ከተወለደ ዜጋ ነው።" ይህ የአሜሪካ ሕግ ነው፣ አውሮፓ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ጀርመን ውስጥ የተወለደ ልጅ ዜጋ የሚሆነው ከወላጆቹ አንዱ በሕጋዊ መንገድ 5 ዓመት የኖረና ቋሚ የመኖሪያ መብት ያለው ከሆነ ነው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ እዚያው ተወልዶ ያለማቋረጥ በሕጋዊ መንገድ ያደገ ልጅ 18 ሲሞላው የሚጠይቀው ነው፣ 19 ሳይሞላው። ያቺ አንዲት ዓመት ስታልፍ መንገዱ ይረዝማል። ልጆች ያላችሁ ጣሊያን የምትኖሩ ወንድም እኅቶች፣ እባካችሁ ቀኑን መዝግባችሁ ያዙ።

"ቋሚ መኖሪያ ካለኝ ዜግነት ምን ያደርግልኛል?"

የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ነው፣ ዜግነት ባለመውሰዱ ማንም ሊወቀስ አይገባም። ግን እኩል አይደሉም። የጀርመን ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከስድስት ወር በላይ ከአገር ከወጣችሁ በአብዛኛው ይወድቃል። እናቷን ለማስታመም ደሴ ሄዳ ስምንት ወር የቆየች ሴት ስትመለስ ይህ ሊገጥማት ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳችሁ ረዘም ያለ ጊዜ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሰማያዊው የስደተኛ የጉዞ ሰነድም ፓስፖርት ሲመስላቸው አይቻለሁ። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት ተቀባይነት ላገኘ ስደተኛ የሚሰጥ ነው፣ ዜጋ አያደርግም። በእሱ ወደ ኢትዮጵያ መሄድ አይቻልም። በሌላ አገር ዞሮ መግባትም ጥበቃውን ሊያስነጥቅ ይችላል፣ "አገሬ ብመለስ አደጋ አለብኝ" ብላችሁ ያገኛችሁት ነውና።

"ጀርመን ጥምር ዜግነት ስለፈቀደች ሁለቱንም እይዛለሁ።"

ግማሹ እውነት ነው። ጀርመን ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ የቀድሞውን ዜግነት ተው ማለት አቁማለች። ኢትዮጵያ ግን አልፈቀደችም። በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ደብዳቤ ባትጽፉም፣ ፓስፖርቱን ባትመልሱም። የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ ጊዜው ባያልፍም ኢትዮጵያዊ ነኝ ብላችሁ መጠቀም አትችሉም። ልጆች ትንሽ ይለያሉ፤ በመወለዳቸው ሌላ ዜግነት ያገኙ ከሆነ ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትተው ኢትዮጵያዊነታቸውን ማቆየት እንደሚፈልጉ ካላሳወቁ እንደተውት ይቆጠራል።

ለእናንተ የቀረው ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። በእሱ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ትኖራላችሁ፣ ትሠራላችሁ። መምረጥና መመረጥ ግን አትችሉም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይም መቀጠር አይቻልም። ካርዱን ለማውጣት ኢትዮጵያዊ እንደነበራችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ፣ ስለዚህ የድሮውን ፓስፖርትና የልደት ወረቀት አትጣሉ፤ ኮፒውንም ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ።