ቶርክ ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ዘይት ስታስቀይሩ መጨረሻ ላይ ሁሌ የምትሰማ አንዲት ቃል አለች። ባለመኪናው ጎንበስ ይልና «ወንድሜ፣ ጥብቅ አድርግልኝ፤ ነገ አዲስ አበባ እወጣለሁ» ይላል። ከመኪናው ሥር የተጋደመው ልጅ «አያስቡ ጋሼ» ብሎ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ላይ ያረፈውን ቁልፍ በሁለት እጁ ይይዝና አንዴ አምጦ ይስበዋል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ያቺ ምጥ ስንት እንደነበረች ግን ጋሼም አያውቁ፣ ልጁም አያውቅ።

እሷን የምንለካባት ነገር ነው ቶርክ። አንድን ነገር በመሃሉ ዙሪያ ለማዞር የምናሳርፈው የመጠምዘዝ ኃይል ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እጃችን የሚስብበት ኃይል፣ ከብሎኑ መሃል እስከ እጃችን ባለው ርቀት ይባዛል። በ30 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ በ100 ኒውተን (10 ኪሎ ዕቃ ለማንሳት የሚፈለግ ጉልበት ገደማ) ብንስብ 30 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በዚያው ቁልፍ ላይ ቱቦ ሰክተን 60 ሳንቲ ሜትር ብናደርሰው፣ ክንዳችን ምንም ሳይጨምር 60 ኒውተን ሜትር ይወጣል። ቱቦ የሰካ ሰው «ቀላል ነው፣ ገና አልጠበቀም» የሚለው ለዚህ ነው። የቀለለው ለእሱ እንጂ ለብሎኑ አይደለም።

ለአብዛኞቹ ትናንሽ የቤት መኪኖች የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ፋብሪካው የሚያዘው ከ25 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ነው። በየመንገዱ የምናያት፣ 1ኤንዜድ ሞተር ያላት ቶዮታ ቪትዝ 38 ገደማ ትፈልጋለች። የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር የሚነግራችሁ የመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ ነው፤ የጎረቤት መኪና ቁጥር አይሠራም።

ይሄ ቁጥር ለምን ትንሽ መሰለ? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ብሎን የሚይዘው ስለጠነከረ አይደለም፤ ስለተለጠጠ ነው። ስናጠብቀው ጥርሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ የብሎኑ ራስ ደግሞ ከቋቱ (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ጋር ተላትሞ አላልፍም ይላል። መሃል ላይ ያለው ብረት በዓይን በማይታይ መጠን እንደ ሞላ ይለጠጣል። ሞላው ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ወገን ጨምቆ ይይዛል፤ ዘይቱን የሚያግደው ያ ጭመቃ ነው። ከምናሳርፈው ቶርክ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ በሰበቃ ያልቃል፤ ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዚያች ትርፍ እንኳ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በ38 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ 1,500 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል ይጨምቃል። ቪትዟ ራሷ የምትመዝነው 1,000 ኪሎ አካባቢ ነው። መኪናዋን ከነሙሉዋ ተሸክሞ የሚተርፈውን ነገር ነው እንግዲህ «ትንሽ ጨምርበት» የምንለው።

ሰበቃው ሌላ ጣጣም አለው። ጥርሱ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፤ በዚያው ቁጥር ብታጠብቁትም ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይለጠጣል። መጽሐፉ ቀቡት ካላለ በቀር የብሎኑንና የቀዳዳውን ጥርስ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። አሸዋ ከገባበት ደግሞ በተቃራኒው ሰበቃው ቁጥሩን ይበላና ሳይጨመቅ «ጠበቀ» ያሰኛል። የአዳማን ነፋስና አቧራ የሚያውቅ ሰው ብሎኑን ከፍቶ መሬት ላይ አያስቀምጥም።

ሮንዴላዋን፣ በብሎኑ ራስና በቋቱ መሃል የምትገባዋን ቀለበት፣ እንዳትንቋት። ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም የምትሠራው ለስላሳ እንድትሆን ተብሎ ነው፤ ስትጨመቅ ፈስሳ የቋቱንና የብሎኑን ጥቃቅን ጭረቶች ትሞላለች። አንዴ ከተጨመቀች በኋላ ትደድራለች፣ ሁለተኛ እንደዚያ አትፈስም። ያኔ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል፤ ጠብ ሲል ያጠብቁታል፣ አሁንም ጠብ ሲል አሁንም ያጠብቁታል። የጥቂት ብር ሮንዴላ ባለመቀየሩ የስንት ሺህ ብር ቋት ይበላሻል።

እኔ ያለፍኩበት ነው። የእኔ መኪና የዘይት ቋት አሉሚኒየም ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ በተለያየ ቦታ ዘይት ሳስቀይር፣ ሁሉም እጁ እስኪቀላ አጠበቀው፤ እኔም ቆሜ «በርታ» እል ነበር። አንድ ቅዳሜ ብሎኑ ሲፈታ፣ ፀጉር የመሰለ የአሉሚኒየም ጥርስ ተጠምጥሞበት ወጣ። የመጨረሻው ልጅ ደነገጠ፤ ጥፋቱ ግን የሁላችንም ነበር። የብረት ብሎንና የአሉሚኒየም ቋት ሲጣሉ የሚሸነፈው ምንጊዜም አሉሚኒየሙ ነው። ቋቱን አስወርጄ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት፤ ጥርሱን አሰፉና ወፈር ያለ ብሎን አስገቡለት። እስከ ዛሬ ይዟል። መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለው መኪና ገና ብዙ ዘይት ይቀየርለታል፤ በእያንዳንዱ ቅያሪ ትንሽ ትንሽ የሚበላ ጥርስ ይዞ ያን ያህል መጓዝ ያስቸግራል።

በተግባር እንዲህ ነው። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ቆማ ማንም ሥሯ እንዳይገባ፤ ደጋፊ ይደረግላት። ዘይቱ ፈስሶ ካለቀ በኋላ አዲስ ሮንዴላ ይገባና ብሎኑ በጣት ብቻ ይጀመራል። ቢያንስ ሦስት አራት ዙር በጣት ካልሄደ ጥርሱ ተጣሟል ማለት ነውና በቁልፍ አታስገድዱት፤ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ከዚያ ቶርክ ቁልፉን (የሞላችሁለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን ቁልፍ) በቁጥሩ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ቀጭ ሲል ማቆም። «ለማረጋገጫ» ተብላ የምትጨመረው ሁለተኛዋ ቀጭ ከቁጥሩ በላይ ናት። ቶርክ ቁልፍ ብሎን መፍቻም አይደለም፤ ሥራው ሲያልቅም በውስጡ ያለው ሞላ እንዳይደክም ወደ ዝቅተኛው ቁጥሩ መልሶ ማስቀመጥ ነው።

ቶርክ ቁልፍ የሌለው ሰውስ? 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ተራ ቁልፍ ይያዝ። የምንቀዳባት ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ናት፤ ስትሞላ 20 ኪሎ ይሆናል። እሷን ለማንሳት በሚበቃ ጉልበት የቁልፉን ጫፍ ቀጥ አድርጎ ቢስብ 39 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ግምት የማይወድ ሰው የሻንጣ ሚዛን ጫፉ ላይ ሰክቶ እስከሚፈልገው ኪሎ ድረስ ይሳብ፤ 30 ኒውተን ሜትር ለሚያዝ መኪና 15 ኪሎ ይበቃል። ቶርክ ቁልፍን ባይተካም ከምጥ ይሻላል።

በመጨረሻም ሞተሩን አስነስቶ ሥሯን ማየት፤ በማግሥቱም አንዴ ጎንበስ ብሎ ማየት። ደረቅ ከሆነ እንዳትነኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ዘይት ስታስቀይሩ «ጥብቅ አድርግልኝ» የምትሏትን ትታችሁ «ሮንዴላውን ቀየርከው?» ብላችሁ ጠይቁት።