የላንቃ መሰንጠቅ ምንድን ነው?

እስቲ አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙና «አባባ» በሉ። ምንም ችግር የለም። አሁን ሳትለቁ «እማማ» በሉ። ታፈናችሁ አይደል?

«በ» እና «መ» ሁለቱም ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ልዩነታቸው ከኋላ ነው። «በ» ስንል ለስላሳው የላንቃችን ክፍል ወደ ላይ ተነስቶ የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል። «መ» ስንል ይወርዳል፤ አየሩ በአፍንጫ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚውል በር አፋችን ውስጥ አለ፤ የሚያስታውሰው ግን የለም።

የላንቃ መሰንጠቅ ማለት ይህ በር ለሁለት ተከፍሎ መወለድ ነው። አንዳንዴ ስንጥቁ ለስላሳው ክፍል ላይ ብቻ ይቀራል፤ አንዳንዴ አጥንት ያለውን የፊተኛውን ክፍል አልፎ እስከ ድድና ከንፈር ይደርሳል። ልጁ «አባባ» ሊል ሲል «አማማ» የሚመስል ነገር ይወጣል። «ዳቦ» «ናሞ» ይሆናል። ሰፈር ደግሞ ለዚህ ስም አዘጋጅቷል፦ «ነፍናፋ»። እኔም በልጅነቴ ብዬዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ሳላውቅ።

ጉዳዩ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ከንፈሩ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ፖስተር ላይ ያለውም እሱ ነው፤ በግራ በኩል የተሰነጠቀ ከንፈር፣ በቀኝ በኩል የተሰፋው። ፎቶው አይዋሽም። ግን የላንቃው ታሪክ ፎቶ አይነሳም። ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀ ልጅም አለ፤ እሱን ደግሞ ጭራሽ ማንም አያየውም።

ስንጥቁ የሚመጣው ገና ከጅምሩ ነው። የፅንስ ፊት ከግራና ከቀኝ እየተሠራ መጥቶ መሀል ላይ ይጋጠማል። ከአፍንጫችሁ በታች ያለችውን ጎድጎድ ያለች መስመር ዳስሷት። ምላሳችሁንም ላንቃችሁ መሀል ላይ አስኪዱት፤ ቀጭን ስፌት የመሰለች መስመር ታገኛላችሁ። እዚያ ጋ ነው የተጋጠምነው። ከንፈር በ4ኛውና በ7ኛው የእርግዝና ሳምንት መካከል ይገጥማል፤ ላንቃው ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል። ይህ ሲሆን ብዙ እናት ማርገዟን እንኳ ገና እያጣራች ነው። ሳይገጥም ከቀረ ስንጥቅ ሆኖ ይቀራል። በዓለም ላይ በግምት ከ700 ሕፃናት አንዱ እንዲህ ይወለዳል።

ለምን አይገጥምም? ለብዙዎቹ አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት አይገኝም። የዘር ድርሻ አለው። በእርግዝና ወቅት የሚወሰዱ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ሲጋራና ስኳር በሽታም ዕድሉን ይጨምራሉ። ጎረቤት ግን ምክንያት አያጣም። እርግማን ነው፤ ቁጣ ነው፤ «ምን አይተሽ ነው? ምን በልተሽ ነው?»። ጥያቄው ሁሌ ለእናትየው ነው። አባትየውን «ምን በልተህ ነው?» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ከዚያ ልጁ በነጠላ ተሸፍኖ ይያዛል፤ ለቅሶም ሰርግም ሳይወሰድ ያድጋል።

የመጀመሪያው ፈተና ግን የሰው ዓይን ሳይሆን ጡት ነው። ሕፃን ጡት የሚጠባው አፉን ዘግቶ አየሩን በመሳብ ነው። ላንቃው ክፍት ከሆነ አየሩ በአፍንጫ ይገባና መሳቡ ይከሽፋል። ልጁ ጡቱን ይጎርሳል፣ ይታገላል፣ ይደክመዋል፣ ሳይጠግብ ይተኛል። የዋጣት ጥቂት ወተትም በአፍንጫው ትመለሳለች። እናት ወተቴ ደረቀ ትላለች። ወተቷ አልደረቀም፤ መምጠጫው ነው የጠፋው። መፍትሔው ጡቱን አልቦ፣ ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ፣ በማንኪያ ወይም በትንሽ ኩባያ ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው። ይህን በወለደች ዕለት የሚነግራት ካላገኘች ልጁ ይከሳል። የከሳ ልጅ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይገባም።

ስለ እንጥል አንድ ነገር ልበል። ላንቃው ላይ ላዩን ደህና መስሎ ከሥር ጡንቻው ብቻ ያልተጋጠመ ልጅ አለ። ከሚያጋልጡት ምልክቶች አንዱ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ እንጥል ነው። እኛ አገር ደግሞ «እንጥሉ ወረደ» እየተባለ ሕፃን ይዞ ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። መድማቱና መመረዙ አንሶ፣ ለሐኪሙ የሚጠቅመው ምልክት አብሮ ይጣላል።

ወደ ቀዶ ሕክምናው እንምጣ። ለከንፈር «ሦስቱ አስሮች» የሚባል የቆየ መመሪያ አለ፦ ዕድሜ 10 ሳምንት፣ ክብደት 10 ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ገደማ፣ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ በዴሲሊትር 10 ግራም። ከንፈሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ላንቃው ቆየት ብሎ፣ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይሠራል። አጥንት አይሰፋም። የላንቃው ሥጋ ከሁለቱም ወገን ተላቆ መሀል ላይ ይጋጠማል፤ አቅጣጫቸውን የሳቱ ጡንቻዎችም እርስ በርስ ይያያዛሉ። በሩን የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። እንዳይነቀል ለጥቂት ሳምንታት ምግቡ አጥሚት፣ ሾርባና የመሳሰለው ነው። ከፍ ላለው ልጅ ቆሎ የለም፤ ኩርማን ደረቅ ዳቦም የለም።

ማን ይከፍላል? በብዙ ቦታ በጎ አድራጊዎች። ኦፕሬሽን ስማይልን አሜሪካዊው ሐኪም ቢል ማጊና ባለቤቱ ካቲ እ.ኤ.አ. በ1982 የመሠረቱት ፊሊፒንስ ሄደው ከታከሙት ይልቅ ሳይታከሙ የተመለሱት በዝተውባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ስማይል ትሬን ሌላ መንገድ መረጠ፦ ሐኪም ጭኖ ከመምጣት ይልቅ የአገሩን ሐኪም ማሠልጠንና ለሆስፒታሉ ወጪውን መሸፈን። ለእኔ ሁለተኛው ይሻላል። የመጣ ቡድን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሄዳል። በዚያ ሳምንት ጉንፋን የያዘው ልጅ ለማደንዘዣ አይሆንም ተብሎ ይመለሳል፤ ሲሻለው ሐኪሙ አገሩ ገብቷል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ግን በዚያም በሚቀጥለውም ሳምንት እዚያው ነው።

ችግሩ ስድስት ኪሎ መድረሱ ላይ ነው። ሕክምናው በነጻ ነው ይባላል፤ አውቶቡሱ ግን በነጻ አይደለም። እናት ሌሎቹን ልጆች ለማን ትታ ትምጣ? የት ትደር? በአጨዳ ሰሞን ማን ይልቀቃት? እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው የእንግሊዙ ፕሮጀክት ሐረር ይህን ያየ ድርጅት ነው። ሰዎቹን ገጠር ድረስ ሄዶ ይፈልጋል፤ የመጓጓዣቸውንም ይሸፍናል። ሕክምና መኖሩን ሳይሰሙ ጎልምሰው የሚመጡም አሉ።

ለከንፈር ዘግይቶ መምጣት ከመቅረት በእጅጉ ይሻላል፤ ጢም ያወጣ ሰው ከንፈርም ይሰፋል። ላንቃ ላይ ግን መዘግየት ያስከፍላል። ልጅ ንግግር የሚለምደው ባለው አፍ ነው። በሩ አልዘጋ ሲለው አየሩን ከታች፣ ጉሮሮው ላይ መያዝ ይለምዳል። «ቡና» ማለት ሲያቅተው «ኡና» ይላል። በሰባት ዓመቱ ላንቃው ቢሰፋለት በማግስቱም «ኡና» ነው የሚለው። በሩ ተገጥሟል፤ ልጁ ግን መዝጋት አያውቅበትም። ቤተሰብ ደግሞ እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል፤ «ተሠርቶለትም ያው ነው» ይላል።

ያው አይደለም። የቀረው የንግግር ሕክምና ነው፤ በአማርኛ ይህን የሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ዕቃው ውድ አይደለም። አንዷ መሣሪያ ትንሽ የእጅ መስታወት ናት። ባለሙያዋ ልጁ አፍንጫ ሥር ትይዛትና «አባባ» በል ትለዋለች። መስታወቷ በትንፋሽ ከደበዘዘች አየሩ በአፍንጫ አምልጧል ማለት ነው። በቀሚሷ ጠረግ ታደርጋትና እንደገና ትይዛለች። «አባባ» በል።